ደጁን ተሳልሜ፣ እህቴን ሸሽቼ

ዛሬ የሰው ገመና ትቼ የራሴን ላውራችሁ ነው። “ወደ እግዚአብሔር መቅረብ እፈልጋለሁ፣ ግን ከየት ልጀምር?” እያሉ ጓደኞቼ ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ መልሱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ታክሲው በቤተክርስቲያን አጠገብ ሲያልፍ ከተሳፋሪው ሁሉ ቀድሜ የማማትበው እኔ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። የሁዳዴን 55 ቀን ሥጋ ቀርቶ ማኪያቶ አልቀምስም። ብስኩት ስገዛ እንኳ ወተት እንዳይኖርበት ማሸጊያውን አገላብጬ አነባለሁ። ታዲያ ምን ጎደለኝ?

ከታላቅ እህቴ ጋር ከተኳረፍን 11 ወር አልፎን ነበር። ነገሩ የተጀመረው በ6,000 ብር ነው። ለቤት ኪራይ አበድራኝ “ወር ሲደርስ፣ ወር ሲደርስ” እያልኩ ሳመላልሳት አንድ ቀን ሰው ፊት ጠየቀችኝ። አፈርኩ። ያፈረ ሰው ደግሞ ይቆጣል! ልጅ አለመውለዷን አንስቼ ሰደብኳት። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሳያት መንገድ እቀይር ነበር።

ባለፈው ፍልሰታ ልቁረብ ብዬ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። “ጾም አፍርሻለሁ፣ ጸሎት ታጉያለሁ” እያልኩ ቀላል ቀላሉን ዘረዘርኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና “የተጣላሽው ሰው የለም?” አሉኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ “መጀመሪያ ገንዘቧን መልሺ። ቀጥለሽ እግሯ ላይ ውደቂ። ከዚያ ትመጫለሽ” አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ 100 ጊዜ ስገጂ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር! ጌታችን በተራራው ስብከቱ (ማቴዎስ ምዕራፍ 5) መባ ይዞ የመጣ ሰው የተቀየመው ወንድም ትዝ ካለው፣ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አስተምሯል። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ! ስሰማው ግን ሌላውን ሰው የሚመለከት ይመስለኝ ነበር።

ብሩን ለመሙላት ሁለት ወር ፈጀብኝ። 15ቱ የፍልሰታ ቀናት ሳልቆርብ አለፉ። ጥቅምት ላይ፣ አንድ እሁድ ማታ በሯን አንኳኳሁ። ብሩን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ “እሱንስ ረስቼው ነበር፣ ያልረሳሁት ሌላውን ነው” አለችኝ። እግሯ ላይ ወደቅኩ። እሷም አለቀሰች። “እግዜር ይቅር ይበልሽ” ብላ ቡና አፈላች። ሁሉ ነገር እንደ ድሮው ሆነ አልላችሁም። አሁንም አንዳንዴ ስደውልላት ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል። እኔ ግን መደወሌን አላቆምኩም።

ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ለንስሐ አባታችሁ ቀላል ቀላሉን ብቻ አትንገሩ፤ ለመናገር የምታፍሩበትን አስቀድሙ። ሁለተኛ፣ የሰው ገንዘብ እጃችሁ ላይ ካለ ከስለት በፊት ዕዳችሁን ክፈሉ። ሦስተኛ፣ ትንሽም ብትሆን በየቀኑ ጸልዩ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው፤ የዕለቱን ብቻ ብታነቡ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁም ይደረስላችኋል። አራተኛ፣ በጾም ቀን ከምሳችሁ የተረፈውን ብር ኪሳችሁ አታስቀሩት፤ ደጃፉ ላይ የተራበ አለ።

አሁንም ታክሲ ውስጥ አማትባለሁ፣ ማሸጊያም አነባለሁ። ጾሙም መሳለሙም መልካም ነው። ግን እኔ በእነሱ እየተከለልኩ ከእህቴ ስሸሽ፣ ለካስ ከእሱም ስሸሽ ኖሬያለሁ።

እናንተስ? ከሩቅ ስታዩት መንገድ የምትቀይሩለት ሰው አለ? ካለ ነገ አትበሉ፣ ዛሬ ደውሉለት። ባያነሳም ደግማችሁ ደውሉ።

ቸር ይግጠመን!