«ገና ልጅ ነው፤ ጨጓራ ነው»

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ሌሊት ደረቱን ይዞ ቢነሳ፣ መጀመሪያ የሚባለው ይታወቃል፦ «አይዞህ፣ ጨጓራህ ነው። ትንሽ ወተት ጠጣበት።» ያመማቸው አባቱ ቢሆኑ መኪና ይፈለግ ነበር። የልብ ደም ቧንቧ መጥበብ የሽማግሌ በሽታ ነው ብለን ስለምናምን ወጣቱ እስኪነጋ ይጠብቃል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ የደም ቧንቧ ግን እስኪነጋ አይጠብቅም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል።

በሽታው በእርጅና የሚጀምር አይደለም። የእኛው ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት የኮሪያ ጦርነት የሞቱ የ300 አሜሪካውያን ወታደሮች ልብ ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ታትሞ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነው፤ ለውጊያ ብቁ ተብለው የተሰለፉ ናቸው። ከአራቱ በሦስቱ ልብ ላይ ግን የደም ቧንቧው ለውጥ፣ ከትንሽ ውፍረት ጀምሮ፣ በዓይን ይታይ ነበር።

ወጣቱና አዛውንቱ የሚለያዩት በሽታው በሚገለጥበት መንገድ ነው። በአዛውንቱ ልብ ስብና ካልሲየም ለአሥርተ ዓመታት ተጠራቅሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቧንቧ ያጠባል። ዐርፎ ሲቀመጥ ደሙ ይበቃል፤ ሥራ ሲበዛ ያጥራል። ውኃ ጠፍቶ ጀሪካን ይዞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ሁልጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደረቱን ጨምድዶ የሚይዘው፣ ቆም ሲል የሚለቀው ከሆነ፣ ልቡ እየተናገረ ነው። «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ለመታከም ጊዜ የሚሰጠው ይህ ምልክት ነውና።

ወጣቱ ብዙውን ጊዜ ይህን ጊዜ አያገኝም። የታመመው ቧንቧ አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጥበቱም ብዙ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን በግድግዳው ላይ የተጋገረው ለስላሳ ስብ በድንገት ይሰነጠቅና ደም ይረጋበታል። ትናንት ያን ደረጃ በሩጫ የወጣ ሰው ዛሬ የመጀመሪያ ምልክቱ ራሱ ሃርት አታክ ይሆናል።

«ቀጭን ነኝ፣ ደግሞ እጾማለሁ» የሚል አለ። ጾም የእንስሳትን ስብ ይቀንሳል፣ ይህ እውነት ነው። የጾሙ ወጥ የሚቁላላበት የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ልብን የሚጎዳው የስብ ዓይነት ነው። ደም ግፊትና ስኳርም ቀጭን ሰው አይመርጡም። በወጣትነት ለሚመጣ ሃርት አታክ ከሁሉ በላይ ተጠያቂው ሲጋራ ነው። ጫትም የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ የልብን ደም ቧንቧ ያኮማትራል፤ በየመን የተደረጉ ጥናቶች ጫት ቃሚነትን ከሃርት አታክ ጋር አያይዘውታል። እየቃሙ ማጨስ የተለመደ ስለሆነ ይህ በጣም ያሳስበኛል። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት በዚህ በሽታ ተይዘው ከሆነ ደግሞ ኮሌስትሮልን በጊዜ መለካት ያስፈልጋል።

አራስ ደረቷን ሲያማት «ብርድ መቷት ነው» ይባላል። አልፎ አልፎ በወለዱ ሰሞን የልብ ደም ቧንቧ ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ ስብ የለበትም፣ ሲጋራም የለበትም። አራስ ናት ተብሎ ቤት መዋል የለባትም።

በአዛውንቶች ዘንድ ደግሞ የሚያሳስተው የሕመም አለመኖር ነው። በተለይ ስኳር ያለባቸውና ሴቶች ደረታቸውን ሳይዙ ሃርት አታክ ሊደርስባቸው ይችላል። ትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስን መሳት ወይም በድንገት ነገር መቀላቀል ይታይባቸዋል። እማማ «ደከመኝ እንጂ አላመመኝም» ቢሉም ይወሰዱ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ለኮዬ ፈጬ በአቅራቢያ ካሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች አንዱ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እንዲነሳ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ነው ማለት ልብ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ካልለቀቀ መደገም አለበት። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚለካው ትሮፖኒንም ለመታየት ሰዓታት ሊወስድበት ስለሚችል፣ አንዴ ተለክቶ ደህና ቢባልም ሁለተኛው እስኪለካ እዚያው ይቆዩ።