የኖራው ወንፊት ይመርመር

በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲድ የተጠቃ ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው የጎጃምና የወለጋ ወረዳዎች፣ ማዳበሪያ ጨምሮም ስንዴው ለሚቀጭጭበት ገበሬ መድኃኒቱ ኖራ መሆኑ በተደጋጋሚ ተነግሮታል። ኖራው ስለሚነፋበት ወንፊት ግን እምብዛም አልተወራም።

የእርሻ ኖራ፣ በደጀንና በጉደር እንደሚደረገው፣ ከካባ የወጣ የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚገኝ ነው። ድንጋዩ ከአሲዱ ጋር የሚገናኘው በላይኛው ገጹ ብቻ ስለሆነ በደቀቀ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል። ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠጠር በ1 ሚሊ ሜትር ቅንጣቶች ቢከፋፈል ገጹ 10 እጥፍ ይሰፋል። በተለመደው መመዘኛ ከሩብ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የሚያልፈው ሙሉ በሙሉ፣ ከዚያ እስከ 2 ነጥብ 4 ሚሊ ሜትር ያለው ደግሞ በግማሽ እንደሚሠራ ይታሰባል። ከዚያ የበለጠው ለዘንድሮ አዝመራ ያው ድንጋይ ነው። 30 ኩንታል በአህያ ያጓጓዘ ገበሬ ሲሶው እንዲህ ያለ ከሆነበት፣ 10 ኩንታል ጠጠር በገዛ ገንዘቡ ማሳው ላይ በተነ ማለት ነው።

እንግዲህ የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚንቀጠቀጥ ወንፊት ሲገዛ ምን ይመልከት? ትልልቁን ድንጋይ የሚለየው ወንፊት ዝግ ብሎ በረጅሙ የሚወዛወዝ ነው። ለዱቄቱ ግን ፈጥኖ በአጭሩ የሚርገበገብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለሁለቱም ይበቃል የሚል ሻጭ አይታመን። ባለ ሁለት ፎቅ ይመረጣል። የላይኛው ጠጠሩን ወደ ወፍጮው ሲመልስ፣ የታችኛውን ስስ ሽቦ ከክብደት ያድነዋል። የወንፊቱ ስፋት በሰዓት ምን ያህል እንደሚነፋ ይወስናል፤ ርዝመቱ ደግሞ ምን ያህል አጥርቶ እንደሚለይ። አጭር ወንፊት የገዛ፣ ደህናው ዱቄት ከጠጠሩ ጋር አብሮ ሲወርድበት ያያል።

ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። እርጥብ ዱቄት የነፋች እናት ሁሉ እንደምታውቀው ቀዳዳው ይደፈናል። ከሽቦው ሥር እየዘለሉ የሚመቱ የጎማ ኳሶች ያሉት ወንፊት ችግሩን ያቃልላል፤ በክረምት ዝናብ የራሰውን ድንጋይ ግን ኳስ አይረዳውም፣ በመጠለያ ሥር ይድረቅ። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሽቦ ለመለወጥ ይጓጓል። ማሽኑ ሳይቆም ይሠራል፣ ኩንታሉም ይበዛል፤ ጉዳቱ የሚታየው ማሳ ላይ ነው። የተቀደደ ሽቦም ያው ነው።

ገበሬውም መፈተን ይችላል። ከልዩ ልዩ ከረጢቶች 1 ኪሎ ደረቅ ኖራ ወስዶ፣ ለምግብ በማይውል ቀጭን የዱቄት ወንፊት ይንፋና የቀረውን ይመዝን። ግማሽ ኪሎ ያህል ከቀረ፣ አህያው ሳይጫን ለማኅበሩ ያሳይ።