ስንት እንደሚመጣ ያልተነገረው ፈንክሽን

የአስቤዛ ወጪ የሚደምር ፈንክሽን ጻፉ ስላቸው፣ ተማሪዎቼ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዋጋ ይጀምራሉ። ፈንክሽን ማለት ስም ወጥቶለት አንድ ሥራ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል ነው፤ ግብዓት ይቀበላል፣ ውጤት ይመልሳል። የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ ሲሰጡት በትክክል ይደምራል። በርበሬ ሲጨመር ግን ፕሮግራሙ ስህተት ብሎ ይቆማል፤ የተነገረው ሁለት ነዋ። አንዳንዱ ለሦስት የሚሆን ሌላ ፈንክሽን ይጽፋል፣ ቀጥሎ ለአራት። “ቲቸር፣ ይሄ ነገር ማለቂያ የለውም እኮ!” የሚል ሲገኝ ስለ ኮከቧ እነግራቸዋለሁ።

በፓይተን ቋንቋ ከግብዓቱ ስም ፊት አንድ የኮከብ ምልክት ማስቀመጥ ይበቃል። አንድ ዋጋም ይምጣ አርባ፣ ፓይተን ሁሉንም በአንድ ዝርዝር ሰብስቦ ለፈንክሽኑ ያስረክባል። ለፈንክሽኑ የሚቀረው ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር መደመር ነው። ምንም ካልተሰጠው ባዶ ዝርዝር ይደርሰዋል፣ ድምሩም ዜሮ ይሆናል። ያችው ኮከብ ፈንክሽኑ በሚጠራበት ቦታ ስትገባ ደግሞ ተቃራኒውን ትሠራለች፤ የተሰበሰበውን ዝርዝር ፈትታ አንድ በአንድ ታቀብላለች።

ነገሩ ከጥንት እንዲህ የተመቸ አልነበረም። ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ በፈጠረው የሲ ቋንቋ ጽሑፍ ወደ ስክሪን የሚያወጣው ፈንክሽን ፕሪንትኤፍ ይባላል። የፈለጉትን ያህል ግብዓት ይስጡት፣ ይቀበላል። ግን ስንት እንደደረሰው አያውቅም! የሚመራው በመጀመሪያው ግብዓት፣ ማለትም በሚታተመው ጽሑፍ ነው። እዚያ ውስጥ “ቁጥር እዚህ ይግባ” የሚል የፐርሰንት ምልክት ባገኘ ቁጥር ቀጣዩን ያነሣል። ሁለት ምልክት ጽፈን አንድ ቁጥር ብቻ ብንሰጠውስ? ሁለተኛው ሊኖር ይገባው በነበረው ቦታ የተገኘውን፣ ምንም ይሁን ምን፣ አንሥቶ ሊያትም ይችላል። የዛሬ ኮምፓይለሮች፣ ማለትም የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉሙ ፕሮግራሞች፣ በፕሪንትኤፍ ላይ እንዲህ ያለውን ጉድለት አይተው ያስጠነቅቃሉ። እኛ ለጻፍነው ደማሪ ግን ዘብ የሚቆምለት የለም። በሲ ሦስት ነጥብ አስቀምጠን “የቀረው ስንትም ይሁን” ማለት እንችላለን፤ ብዛቱን ግን ወይ አስቀድመን መንገር፣ ወይ መጨረሻው ላይ “አበቃ” የሚል ምልክት ማኖር የእኛ ፋንታ ነው። ሦስት ናቸው ብለን ሁለት ከሰጠን ፕሮግራሙ ያልሰጠነውን ፍለጋ ሜሞሪ ውስጥ ይገባል።

ጉዳቱ የተሳሳተ ድምር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እ.ኤ.አ. በ2000 በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይሠራ የነበረው ውዩ-ኤፍቲፒዲ የተባለ የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም በዚሁ ክፍተት ተጠቃ። ከውጭ ሰው የመጣን ጽሑፍ እንደ መመሪያ አድርጎ ፕሪንትኤፍን ለመሰለ ፈንክሽን ያቀብል ነበር። አጥቂው የፐርሰንት ምልክቶችን ደርድሮ ሲልክ፣ ፈንክሽኑ ያልተሰጡትን ግብዓቶች ከሜሞሪ እያነሣ ያወጣለታል። ከምልክቶቹ አንዷ ደግሞ እስከዚያ የታተሙትን ፊደላት ብዛት ሜሞሪ ላይ ታስጽፋለች። በእሷ በኩል ከሩቅ ሆኖ ሰርቨሩን እስከመቆጣጠር ይደረሳል።

ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ጃቫስክሪፕት በ2015 ያስገቡት አሠራር ከፓይተን ጋር ይቀራረባል፤ ግብዓቶቹ ብዛታቸውን የሚያውቅ ዝርዝር ሆነው ይደርሳሉ። ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የአጻጻፉ ማጠር ብዙም አይደንቀኝም።

ያም ሆኖ ኮከቧን በየቦታው መበተን አልወድም። ለድምር ባዶ ዝርዝር ችግር የለውም። “ከእነዚህ ትልቁን ፈልግ” የሚል ፈንክሽን ግን ምንም ካልተሰጠው ምን ይመልሳል? ዜሮ ቢል ውሸት ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን የመጀመሪያውን ቁጥር በስሙ ለብቻው፣ የቀሩትን በኮከብ እንዲቀበሉ አደርጋለሁ። ያኔ ባዶ እጁን የጠራው ሰው አንድ ግብዓት እንደጎደለ እዚያው ይነገረዋል።