የወፍጮ መኪና ቆላፊ ዳዶና ቀለበት አመራረጥ

ወልድያ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ወደ ወረታ ከሚወስደው መንገድ ጋራ የሚገናኝባት ከተማ በመሆኗ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ገበያ አያጣባትም። ከእርሷ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳም እንደዚሁ የአካባቢው ሰው እህሉን የሚያስፈጭባት፥ የወፍጮ ባለቤትም የጎደለውን ዕቃ የሚፈልግባት ስፍራ ናት። በነዚህ ከተሞች ሱቆች ከሚሸጡት ዕቃዎች ሁሉ ዋጋው እጅግ አነስተኛ ሆኖ ሳለ የሚያስከትለው ጉዳት ከትልልቆቹ ዕቃዎች የማያንስ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የወፍጮ መኪና ቆላፊ ዳዶ ነው። ብዙ ጊዜ ገዢውም ሻጩም በዓይን ግምት ይለዋወጡታል። ነገሩ ግን በዓይን ግምት የሚገዛ አይደለም።

ቆላፊው የሚጠብቀው ልክ

በድንጋይ ወፍጮ መኪና ውስጥ ሁለት ድንጋዮች ይገኛሉ። አንደኛው በቦታው ጸንቶ ይቆማል፥ ሁለተኛው ከዘንጉ ጋራ ይዞራል። በመካከላቸው የሚኖረውን ክፍተት የሚወስነው የማስተካከያው ቪቴ ነው። ቪቴው ሲጠብቅ ድንጋዮቹ ይቀራረባሉ፥ ዱቄቱም ይልማል፤ ሲላላ ድንጋዮቹ ይራራቃሉ፥ ዱቄቱም ይሻክራል። ለእንጀራ የሚፈጭ ጤፍና ለክክ የሚከካ አተር አንድ ዓይነት ክፍተት ስለማይፈልጉ፥ ሠራተኛው በአንድ ቀን ውስጥ ልኩን ደጋግሞ ይለውጣል። ልኩ ከተገኘ በኋላ መኪናው እየተንቀጠቀጠ ሳለ ቪቴው ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚይዘው ቆላፊው ዳዶ ወይም ቆላፊው ቀለበት ነው።

ይህ ቆላፊ ሲላላ ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። ድንጋዮቹ ከተራራቁ ዱቄቱ ሻካራ ይሆናል፤ አስፈጪዋም በሚቀጥለው ጊዜ አህያዋን ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ትነዳለች። ድንጋዮቹ ከተነካኩ ግን ነገሩ የባሰ ነው። ዱቄቱ ይግላል፥ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ አሸዋ ይገባበታል፥ ድንጋዩም ሊሰነጠቅ ይችላል። በፍጥነት የሚዞር ድንጋይ ቢፈነዳ በአጠገቡ ለቆመው ሠራተኛ ሕይወት የሚያሰጋ መሆኑን ማንም ያውቀዋል።

ከሌላ ሙያ የተገኘ ትምህርት

ይህን የሚመስል ጉዳይ በሌላም ሙያ አለ። በአሜሪካና በአንዳንድ አገሮች ለአደንና ለዒላማ ውድድር የሚሆን ጥይት ባዶውን ቀለህ አንሥተው በእጃቸው እንደገና የሚሞሉ ሰዎች ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች የቀለሁን ቅርጽ የሚያስተካክለውን ሻጋታ በመጭመቂያው ላይ በጥርስ ያስገቡና ከፍታውን በቆላፊ ቀለበት ያጸናሉ። የሻጋታው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ 7/8 ኢንች፥ በአንድ ኢንች ርዝመትም 14 ጥርስ ያለው ነው። ስለዚህ የአንዱ ፋብሪካ ቀለበት በሌላው ሻጋታ ላይ ይገባል፤ ገዢውም የሚያማርጠው የቀለበቱን አያያዝ ብቻ ነው።

አያያዙ በሦስት ዓይነት ይከፈላል። አንደኛው ከጎኑ ትንሽ ቪቴ ገብታ ጥርሱን የምትጫነው ነው። ይህ ዓይነቱ ርካሽ ቢሆንም ቪቴዋ ጥርሱን ስለምትጎዳ፥ ዐዋቂዎቹ ከሥርዋ ትንሽ የእርሳስ ፍሬ ያስቀምጡላታል። ሁለተኛው በአንድ ወገን ተሰንጥቆ በቪቴ የሚጨበጠው ሲሆን ጥርሱን ዙሪያውን እኩል ስለሚይዝ አይጎዳውም። ሦስተኛው ከበታቹ የጎማ ቀለበት ያለው ነው። ለወፍጮ ማስተካከያ፥ ልኩ ቶሎ ቶሎ ለሚለወጥበት ቦታ፥ ተሰንጥቆ የሚጨበጠው ቀለበት ወይም ተራው ቆላፊ ዳዶ ይሻላል። በጎን ቪቴ የሚያዘው ከሆነ ግን የእርሳስ ወይም የመዳብ ቁራጭ ከሥሩ መግባት አለበት።

ፓሶውን ሳይለኩ አለመግዛት

የወፍጮ መኪና ነጋዴ እንደ ጥይት ሞይዎቹ አንድ የጋራ ጥርስ አላገኘም። ዳዶ፥ ቡሎን፥ ሮንደላ፥ ፓሶ የሚባሉት የጋራዥ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ወደ አገር የሚገባው መኪና ግን ከልዩ ልዩ አገር ስለሆነ አንዱ በሜትሪክ፥ ሌላው በኢንች ይሠራል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንና ሀብሩን በጎዳ ጊዜ ብዙ ንብረት ጠፍቷል። ከጥፋት የተረፈ መኪና ከሌላ መኪና በተነቀለ ዕቃ ሲጠገን ደግሞ በአንድ አካል ላይ ሁለቱም ልክ ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል።

ምሳሌውን ከ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን መውሰድ ይቻላል። የተለመደው ፓሶ፥ ማለት ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከሚቀጥለው ጥርስ ጫፍ ያለው ርቀት፥ 1.75 ሚሊ ሜትር ነው። የግማሽ ኢንች ዳዶ ለ12.7 ሚሊ ሜትር የተሠራ ስለሆነ በዚህ ቡሎን ላይ በቀላሉ ይጠልቃል፤ ገዢውም የገባለት ይመስለዋል። ዳዶው ግን የያዘው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ሲጠብቅ ጥርሱ ይላጣል። ኢንች ከኢንችም ቢሆን ይለያያል፤ በእንግሊዙ በዊትዎርዝ ልክ ግማሽ ኢንች ቡሎን በአንድ ኢንች ውስጥ 12 ጥርስ ሲኖረው፥ በአሜሪካው ልክ ግን 13 አለው። አንዱ በሌላው ላይ ጥቂት ዙር ሄዶ ይነክሳል።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በማስመሪያ የ10 ፓሶ ርዝመት ይለካና ለ10 ይካፈላል፤ 17.5 ሚሊ ሜትር ቢገኝ ፓሶው 1.75 ነው። ኢንች መሆኑ ከተጠረጠረ በ25.4 ሚሊ ሜትር ውስጥ ያለው ጥርስ ይቆጠራል። ከዚህም በቀር በቡሎኑ ራስ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማየት ይገባል። 8.8 የተባለው ቡሎን በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ያህል እስኪደርስ ሳይበጠስ የሚችል ነው፤ የሚስማማውም 8 ቁጥር ያለው ዳዶ ነው። በጠንካራ ቡሎን ላይ ደካማ ዳዶ ማሰር በብረት በር ላይ የሸንበቆ መወርወሪያ እንደ ማድረግ ነው።

ለየቦታው የሚስማማው ቆላፊ

ለማስተካከያው ቪቴ የሚሆነው ከላይ ተነግሯል። ይሁን እንጂ ቆላፊው ሲጠብቅ በጥርሶቹ መካከል ያለው ትንሽ ክፍተት ስለሚያዝ ቪቴው ጥቂት ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው ከቆለፈ በኋላ የሚወርደውን ዱቄት እንደገና በጣቱ መዳሰስ አለበት።

በሞተሩ እግር ላይ፥ ሳይፈታ ብዙ ጊዜ በሚቆይበት ቦታ፥ ውስጡ ናይሎን ያለው ዳዶ መልካም ነው። ነገር ግን ናይሎኑ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ስለሚደክም በዲዝል ሞተር ጭስ ማውጫ አጠገብ አይደረግም። ናይሎኑ ደርሶ ሳለ በጣት የሚዞር ከሆነም አርጅቷልና መለወጥ ይገባዋል።

ሁለት ዳዶ ተደራርቦ በሚታሰርበት ቦታ ብዙ ሰው ወፍራሙን አስቀድሞ ቀጭኑን ከላይ ያደርጋል። ትክክለኛው አሠራር ግን ቀጭኑ አስቀድሞ ገብቶ ወፍራሙ በላዩ እንዲጠብቅ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው የላይኛው ነውና። የላይኛው ሲጠብቅም የታችኛው በሁለተኛ ቁልፍ ተይዞ መቆም አለበት።

ቢፈታ ሰው ሊገድል በሚችል ቦታ፥ ለምሳሌ በዘንጉ ጫፍ ላይ፥ ራሱ የተሰነጣጠቀው ዳዶ ከኮፒሊያው ጋራ ይመረጣል። እዚህ ላይ ጥርሱ የግራ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት፤ የዘንጉ አዟዟር ዳዶውን የሚፈታው ሲሆን ፋብሪካው የግራ ፓሶ ያደርግበታልና።

የተሰነጠቀው ሮንደላ ብቻውን ቆላፊ ይሆናል የሚለው እምነት ግን የጸና አይደለም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ገርሃርድ ዩንከር በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ቡሎንን ይልቁን የሚያላላው ወደ ጎን የሚነቀንቀው ንዝረት መሆኑን አሳይቷል። በእርሱ ዘዴ በተደረጉ ፈተናዎችም ተራው የተሰነጠቀ ሮንደላ እንዲህ ያለውን ንዝረት እምብዛም የማይቋቋም ሆኖ ተገኝቷል።

የነጋዴው ድርሻ

ከመርሳ ወይም ከሀብሩ ገጠር ወደ ወልድያ ለአንድ ዳዶ የመጣ ሰው የማይገባ ዕቃ ይዞ ቢመለስ የሚከስረው የዳዶውን ዋጋ ብቻ አይደለም። የመመለሻው መጓጓዣ፥ የቆመው ወፍጮ፥ ሳታስፈጭ የተመለሰችው እመቤት ሁሉ ይታሰባሉ። በዚህ ሂሳብ ሁለት ብር የረከሰው ዳዶ ከሁሉ የተወደደ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ትጉህ ነጋዴ ሜትሪኩንና ኢንቹን በአንድ ሣጥን አይቀላቅልም። በየሣጥኑ ላይ ውፍረቱን፥ ፓሶውንና የጥንካሬውን ቁጥር ይጽፋል፤ ከየዓይነቱም አንዳንድ ቡሎን በመደርደሪያው ላይ ለመሞከሪያ ያስቀምጣል። ደንበኛው አሮጌውን ቡሎን ይዞ እንዲመጣ ያሳስበዋል፥ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚታሰርም ይጠይቀዋል። የተሸጠውን ልክ በደረሰኙ ላይ ቢጽፍለት ደግሞ ገዢው በሚቀጥለው ጊዜ ሳይደክም ያንኑ ያገኛል። መኪናው ቆሞና ኃይሉ ተቋርጦ ካልሆነ በቀር ቆላፊውን እንዳይነካ መንገርም ከሽያጩ የሚለይ ነገር አይደለም።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአባቶች ተረት ለጥምጥም የተነገረ ቢሆንም ለዳዶም ይስማማል። አስቀድሞ ልኩን የተማረ ነጋዴ የሚሸጠው ትንሽ ብረት የአስፈጪውን ዱቄት፥ የወፍጮ ባለቤቱን ገንዘብ፥ የሠራተኛውንም ሕይወት ይጠብቃል፤ ደንበኛውም ለሚቀጥለው ዕቃ ከእርሱ ደጅ አይርቅም።