ከመፈረማችሁ በፊት፦ ዳታው የማን ነው?

ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ሲፈረም ቶሎ የሚጠየቀው ስለ ገንዘቡና ስለ ስኮላርሺፑ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመን ግን ዋናው ሀብት ዳታ ነው።

ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 በጀመረው ፕሮጀክት የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎችን መረጃ በዲጂታል ያደራጃል፤ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ይበል የሚያሰኝ። ብራናው ብቻውን ግን አይበቃም፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማን እንውሰድ። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቷ ዙር አባ ያሉባት አገር ናት። ብራናው ላይ የተጻፈውን የዜማ ምልክት ካሜራ ያነሳዋል፤ ዜማውን የሚያውቀው ግን መሪጌታው ነው። ኮምፒዩተር እንዲማረው ድምፅና ምልክት መጣመር አለባቸው፤ አጣማሪውም እሱ እንጂ ፕሮግራመሩ አይደለም።

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ እንዲህ ባለ ሥራ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስትፈራረሙ ውሉ ላይ ይህን አስገቡ፦ የዳታው ቅጂ እዚሁ ይቀመጥ፤ የመሪጌታው ፈቃድ ይጠየቅ፣ ስሙም ይመዝገብ።