ራጅና በክንድ ውስጥ የቀረው ጥይት

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1895 ነበር። በተከታዩ ዓመት ሜይ ወር፣ ኢትዮጵያን ሊወጉ መጥተው ቆስለው የተመለሱ ሁለት የኢጣሊያ ወታደሮች በኔፕልስ የጦር ሆስፒታል በዚሁ ጨረር ተመረመሩ፤ በክንዳቸው የቀረው ጥይትም ሥጋው ሳይቀደድ ያለበት ቦታ ታወቀ።

ጥይቱ ስለምን ታየ? ሥጋችን በአብዛኛው ሃይድሮጅን፣ ካርቦንና ኦክስጅን በመሆኑ ጨረሩን በብዛት ያሳልፋል። አቶማዊ ቁጥሩ 20 የሆነው የአጥንት ካልሲየም፣ ይልቁንም ቁጥሩ 82 የሆነው እርሳስ፣ ጨረሩን ውጠው ያስቀራሉ፤ በፊልሙም ላይ ነጥተው ይታያሉ።

እኛም በነቀምት ራጅ ስንነሣ ባለሙያው ከእርሳስ መከላከያ ጀርባ የሚቆመው በዚሁ ምክንያት ነው። ጨረሩ ሕዋስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ነፍሰ ጡር እናት ሁኔታዋን አስቀድማ ልታስታውቅ ይገባል።