የጦር መርከብና የራዲዮ ሞገድ

ራዲዮ ከፍተን ዜና ስናዳምጥ ጎረቤት የኤሌክትሪክ ሞተር ያስነሣ እንደሆነ ድምፁ ይንጫጫል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጉዳቱም ዜናው ማምለጡ ብቻ ነው። በጦር መርከብ ላይ ግን ይኸው ነገር የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ ምክንያቱንና መከላከያውን ባጭሩ ለመመርመር ወደናል።

በአንዲት የጦር መርከብ ላይ ራዳሮች፣ የራዲዮ ማስተላለፊያዎችና መቀበያዎች በጥቂት ሜትር ርቀት ተጠጋግተው ይቆማሉ። ማስተላለፊያው በኪሎዋት የሚቆጠር ኃይል ሲረጭ፣ አጠገቡ ያለው መቀበያ የዋት ቢሊዮንኛ እጅ እንኳ የማይሞላ ደካማ ምልክት ለመስማት ይጥራል። ነገሩ ነጋሪት እየተጎሰመ ሹክሹክታ እንደ ማዳመጥ ነው።

ሚያዝያ 26 ቀን 1974 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 4 ቀን 1982) በፎክላንድ ጦርነት፣ ሼፊልድ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከአርጀንቲና አውሮፕላን በተተኮሰ ኤግዞሴት ሚሳይል ተመታች፤ 20 ሰዎችም ሞቱ። በዚያች ሰዓት መርከቢቱ በሳተላይት መልእክት ታስተላልፍ ስለ ነበር፣ የጠላትን ራዳር የሚያዳምጠው መሣሪያዋ ታውኮ ነበር። ግላስጎ የተባለችው ሌላዋ የእንግሊዝ መርከብ ግን የጠላትን ራዳር ሰምታ አስጠንቅቃ ነበር። በምርመራው ሌሎች ጉድለቶችም ተገኝተዋል፤ ቢሆንም ለመናገር የተሠራው መሣሪያ ለመስማት የተሠራውን ማደንቆሩ ከጉድለቶቹ አንዱ ነበር።

የመርከብ አካልም ችግሩን ያባብሰዋል። ብረት የራዲዮ ሞገድን እንደ መስተዋት ይመልሳል። በብረት ክፍል ውስጥ የሄደውና የተመለሰው ሞገድ ሲገናኙ አንዱ ቦታ ላይ ይበረታሉ፤ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። የ300 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 1 ሜትር ስለሆነ፣ ከብርቱው ቦታ እስከ ደካማው 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መለኪያውን አንድ ቦታ አቁሞ «ደኅና ነው» ማለት አይበቃም፤ እያዘዋወሩ መለካት ያስፈልጋል።

ሌላው ጠላት ዝገት ነው። የዛገ የብረት መጋጠሚያ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ ወገን አብልጦ ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ሁለት ሞገዶችን አደባልቆ ማንም ያላስተላለፈውን ሞገድ ይወልዳል። ለምሳሌ በ4 እና በ6 ሜጋኸርዝ ባንድነት ሲተላለፍ፣ በ2፣ በ8 እና በ10 ሜጋኸርዝ ጫጫታ ሊሰማ ይችላል። መድኃኒቱም ዝገቱን ጠርጎ መጋጠሚያውን በሚገባ ማገናኘት ነው።

ፈተናው እንግዲህ እንዲህ ይደረጋል፦ በመጀመሪያ ሁሉም መሣሪያ ይዘጋና ጸጥታው ይለካል። ቀጥሎም ማስተላለፊያዎቹ አንድ በአንድ እየተከፈቱ የትኛው የትኛውን እንደሚያውክ በሠንጠረዥ ይመዘገባል። በመጨረሻም ሁሉም ባንድነት ይከፈታሉ። በወደብ ያሉ ሕንጻዎችና ክሬኖች ሞገድ ስለሚመልሱ፣ ፈተናው በባሕር ላይም ይደገማል።

በቤተ ሙከራ ብቻውን ፈተና ያለፈ መሣሪያ ከጓደኞቹ ጋር ሲውል ምን እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም። ነገ መሣሪያ የምንሠራ ሁሉ «ይሠራል» ከማለታችን በፊት «ከማን ጋር?» ብለን እንጠይቅ።